ዱልዱም ስለትና ብርቱ ገጽ፦ የራውተር ቢላ ዕድሜ በላሚኔትና በኮምፔንሳቶ ላይ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን የደረሰ መንገደኛ፣ በከተማዋ የውስጥ መንገዶች ጥቂት ቢዘዋወር የመጋዝና የራውተር ድምፅ ሳይሰማ አያልፍም። ቀደም ባለው ጊዜ በእነዚህ የእንጨት ሥራ ቤቶች ይላግና ይቆረጥ የነበረው የጥድ፣ የዝግባና የባሕር ዛፍ ጣውላ ነበር። ዛሬ ግን የማእድ ቤት ካቢኔቱም ሆነ ቁም ሣጥኑ በአብዛኛው የሚሠራው በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ከሚመጣ ሉህ ነው፤ ከቺፕውድ፣ ከኤም.ዲ.ኤፍ፣ ከኮምፔንሳቶ፣ እንዲሁም በእነዚህ ላይ ከሚለጠፈው ላሚኔት ወይም በተለምዶ ፎርማይካ ከሚባለው ልባስ። ጥሬ ዕቃው ሲለወጥ የመሣሪያው ችግርም አብሮ ተለውጧል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን አንድ ጥያቄ ነው። ተደራጅተው ካቢኔት ከሚሠሩ ወጣቶች ዘንድ ለጉብኝት በሄድንበት ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ ሁለት የራውተር ቢላዎች አመጣልን። አንደኛው በጥድ ጣውላ ላይ ለወራት ያገለገለ ሲሆን እስካሁንም ይቆርጣል። ሁለተኛው ከዚያው ዓይነት በቅርቡ የተገዛ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ቤት የካቢኔት በሮችን ሳያዳርስ ዶልዱሟል። የመጨረሻዎቹ በሮች ጠርዝ ተሸራርፎ፣ ከሥሩ ያለው ቡናማ እንጨት ገጥጦ ይታይ ነበር። ደንበኛው አልረከብም በማለቱ ኪሳራው የወጣቶቹ ሆኗል። «ዶክተር፣ ለመሆኑ የምንቆርጠው እንጨት ነው ወይስ ድንጋይ?» አለን ወጣቱ።

ጥያቄው በምሬት የተሰነዘረ ቢሆንም ከሳይንስ አኳያ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱም፣ ከዚህ በታች እንደምንመለከተው፣ «ሁለቱንም ነው» የሚል ይሆናል። የራውተር ቢላ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዘ፣ በየጊዜው የሚገዛ ዕቃ በመሆኑ፣ ዕድሜው ለምን እንደሚያጥርና እንዴት እንደሚረዝም ማወቅ የአንድን አነስተኛ ድርጅት ትርፍና ኪሳራ የሚወስን ጉዳይ ነው።

ከአንኮበር ባለእጆች እስከ ዊዲያ

ስለትን በሚመለከት አካባቢያችን ለእውቀቱ እንግዳ አይደለም። ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ ማጭድና ምሳር፣ ጦርና ጎራዴ የሚሠሩ ባለእጆች ለቤተ መንግሥቱም ለገበሬውም አስፈላጊ ሰዎች ነበሩ። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ንጉሥ ምኒልክ የመጣው ወደዚያችው አንኮበር ነበር።

ባለእጁ ብረቱን አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ ያጠነክረዋል። ከዚያም በጥቂቱ መልሶ በማሞቅ እንዳይሰበር ያለዝበዋል። በዚህ ጊዜ በብረቱ ገጽ ላይ የሚመጣውን ቀለም በዓይኑ ይከታተላል፤ ገለባ መሳይ ቢጫ ሲሆን ስለቱ ጠጣር ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ግን ለዝቧል። በፊዚክስ ቋንቋ ስንገልጸው፣ ተራ የካርቦን ብረት መጠነ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እየጨመረ ሲሄድ ጥጥረቱን ማጣት ይጀምራል። ጥጥረት ስንል አንድ ቁስ በሌላ ቁስ እንዳይጫርና እንዳይቦረቦር የሚያደርገው ባሕርይ ማለታችን ነው። ማጭድ በእጅ ጉልበት ስለሚሠራ ይህን ያህል አይግልም። በደቂቃ 18,000 ዙር የሚሽከረከር ቢላ ግን ይግላል።

ለዚህ ችግር የመጀመሪያው መልስ የተገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ቴይለርና ኋይት የተባሉ አሜሪካውያን ቱንግስተን የተቀላቀለበትን ብረት በልዩ ዘዴ አክመው፣ እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ጥጥረቱን የማያጣ «ባለ ከፍተኛ ፍጥነት ብረት» አስገኙ። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይም ለሕዝብ አሳዩት። ሁለተኛው መልስ ከጀርመን አገር መጣ። ካርል ሽሮተር እ.ኤ.አ. በ1923 የቱንግስተን ካርባይድ ዱቄትን ከኮባልት ዱቄት ጋር ቀላቅሎና ጨምቆ በእሳት ማጣበቅን አስመዘገበ። ክሩፕ የተባለው ኩባንያ ይህንኑ በ1920ዎቹ መጨረሻ ለገበያ ሲያቀርብ «ዊዲያ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙ «እንደ አልማዝ» ከሚሉ የጀርመንኛ ቃላት የተውጣጣ ነው። በብዙ አገር የብረትና የእንጨት ባለሙያዎች ካርባይድን እስከ ዛሬ ዊዲያ የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

የእነዚህን ቁሶች ጥጥረት በቪከርስ መለኪያ ብናነጻጽር፣ ባለ ከፍተኛ ፍጥነት ብረት ከ800 እስከ 900፣ ካርባይድ እንደ ዓይነቱ ከ1,300 እስከ 2,000 ይደርሳል፤ በጠርዝ ላይ የሚጣበቀው ጥቃቅን የአልማዝ ቅንጣቶች ጥርቅም ደግሞ ከ5,000 በላይ ነው።

በሉሁ ውስጥ ምን አለ?

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። ላሚኔት የሚሠራው ወረቀትን በሙጫ ነክሮ፣ ደራርቦ፣ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት በመጭመቅ ነው። ከሥር ያሉት ቡናማ ወረቀቶች በፊኖል ሙጫ፣ ከላይ ያለው ባለ ቀለም ወረቀት በሜላሚን ሙጫ ይነከራሉ። እነዚህ ሙጫዎች አንድ ጊዜ ከደረቁ በኋላ በሙቀት ተመልሰው አይቀልጡም፤ ይልቁንም ይቃጠላሉ። ነጩ ወረቀት ነጭ የሚሆነው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለ የማዕድን ዱቄት ስላለበት ነው። እንዳይጫር ታስቦ በሚሠራ የወለልና የጠረጴዛ ላሚኔት ላይ ደግሞ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት ይጨመራል። ይህ ቅንጣት ኮረንደም የሚባለው ማዕድን ሲሆን፣ ቀይ ሆኖ ሲገኝ ሩቢ፣ ሰማያዊ ሆኖ ሲገኝ ሰንፔር የሚባለው የከበረ ድንጋይ እርሱ ነው። በሞስ የጥጥረት መለኪያ አልማዝ 10 ሲሆን ኮረንደም 9 ነው። የብረት መሞረጃ ድንጋይም የሚሠራው ከዚሁ ቁስ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ላሚኔት መቁረጥ ቢላውን በሞረድ ላይ እንደ ማሸት ይቆጠራል።

ቺፕውድ የሚሠራው ከእንጨት ስብርባሪ ነው። ግንዱ መሬት ላይ ሲጎተት በልጡ ላይ የሚጣበቀው አሸዋ በሚገባ ካልታጠበና ካልተበጠረ ወደ ሉሁ ይገባል። አሸዋ በአብዛኛው ኳርትዝ ሲሆን ጥጥረቱ በሞስ መለኪያ 7 ነው። ኮምፔንሳቶ ደግሞ ስስ የእንጨት ልጣጮች እየተነባበሩ በሙጫ የሚጣበቁበት ነው፤ የአንዱ ንብር ቃጫ ለሚቀጥለው ንብር ቃጫ መስቀለኛ ነው። በንብሮቹ መካከል የደረቀው ሙጫ ከእንጨቱ እጅግ ይጠጥራል። ከዚህም በላይ አንዳንድ የሐሩር አገር እንጨቶች በውስጣቸው ጥቃቅን ሲሊካ ይይዛሉ።

እንግዲህ የጥድ ጣውላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመሳሳይ ለስላሳ ቁስ ሲሆን፣ ልባስ ያለው ሉህ ግን በግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ውስጥ ድንጋይ መሳይ፣ ከዚያ በታች ለስላሳ ነው። በዚህም ምክንያት የቢላው ስለት ወጥ በሆነ መንገድ አይዶለዱምም፤ ላሚኔቱን በሚነካበት ከፍታ ላይ ብቻ ጎድጎድ ያለ ቁስል ይወጣበታል። የቀረው የስለቱ ክፍል ግን ገና አዲስ ነው። ወጣቱ ያሳየንን ቢላ በአጉሊ መነጽር ስናየው የነበረው ይኸው ቁስል ነው። ይህን ነጥብ አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንጠይቃለን፤ በኋላ መፍትሔ ይሆነናል።

ስለት የሚሞተው እንዴት ነው?

በውጭ አገር በትምህርት ላይ በነበርንበት ጊዜ የካርባይድን ጠርዝ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የማየት ዕድል አጋጥሞናል። ምስሉ ከአርማታ ጋር ይመሳሰላል፤ የቱንግስተን ካርባይድ ቅንጣቶች እንደ ጠጠር፣ ኮባልቱ እንደ ሲሚንቶ። ጠጠሩን የሚፍቀው ነገር ጥቂት ነው። ሲሚንቶው ግን ለስላሳ ነው። አሸዋውና ማዕድኑ ኮባልቱን ቀስ በቀስ ይጠርገዋል፤ በእንጨት ውስጥ ያሉ አሲዶችና ሙጫው ሲቃጠል የሚወጡ ጋዞች ደግሞ በኬሚካል ይበሉታል። ድጋፍ ያጣው ጠጠርም ተነቅሎ ይወድቃል።

በመሆኑም የካርባይድ አመራረጥ ሁለት ነገሮችን ማመዛዘን ነው። ኮባልቱ ሲያንስና ቅንጣቱ ሲደቅ ስለቱ መፋቅን ይቋቋማል፤ ይሁን እንጂ በቀላሉ ይሸረፋል። ኮባልቱ ሲበዛ ምትን ይችላል፤ ግን ቶሎ ይፋቃል። ለላሚኔትና ለኤም.ዲ.ኤፍ የሚስማማው ኮባልቱ አነስተኛ፣ ቅንጣቱም ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ የሆነው ነው። ምስማርና ብሎን ሊያጋጥም በሚችልበት አሮጌ እንጨት ላይ ግን ኮባልቱ በርከት ያለው ይመረጣል።

ሙቀቱስ ወዴት ይሄዳል? እንጨትና ሙጫ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታቸው እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ካርባይድ ግን ከእንጨት በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ አስተላላፊ ነው። ስለዚህ በሰበቃ የሚፈጠረው ሙቀት በሉሁ ውስጥ መበተን ስለማይችል፣ ከፍርፋሪው ጋር ካልወጣ በስተቀር ወደ ቢላው ይገባል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት፣ የራውተር ቢላ ዋነኛ ማቀዝቀዣ ወፈር ብሎ የሚወጣው ፍርፋሪ መሆኑን ነው። ማሽኑ ዱቄት እየተፋ ከሆነ ስለቱ እየቆረጠ ሳይሆን እያሸ ነው።

አርባ ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ስለት

ይህን በቁጥር እናሳይ። የአንድ ስለት የፍርፋሪ ውፍረት የሚገኘው፣ ሉሁ ወይም ማሽኑ በደቂቃ የሚጓዘውን ርቀት በዙሩ ብዛትና በስለቶቹ ብዛት በማካፈል ነው። ዲያሜትሩ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሁለት ስለት ያለው ቢላ በደቂቃ 18,000 ዙር እየተሽከረከረ በደቂቃ 7.2 ሜትር ቢጓዝ፣ እያንዳንዱ ስለት በአንድ ዙር 0.2 ሚሊ ሜትር ይቆርጣል። ብዙ ሠራተኞች ግን «ሥራው እንዲያምር» በማለት ማሽኑን ቀስ ብለው ይገፉታል። ጉዞው በደቂቃ 2 ሜትር ሲሆን ውፍረቱ ወደ 0.056 ሚሊ ሜትር ይወርዳል።

ቢላው በሙሉ ስፋቱ ሲቆርጥ እያንዳንዱ ስለት በአንድ ዙር የግማሽ ክብ ርዝመት፣ ማለትም 18.8 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨቱን እየነካ ይሄዳል። በመጀመሪያው አሠራር አንድ ሜትር ለመቁረጥ 2,500 ዙር ያስፈልጋል፤ ስለቱም 47 ሜትር ያህል በእንጨቱ ላይ ይንሸራተታል። በሁለተኛው አሠራር 9,000 ዙር ያስፈልጋል፤ ስለቱ የሚንሸራተተውም 170 ሜትር ያህል ነው። የተቆረጠው ግን ያው አንድ ሜትር ነው!

በሌላ አነጋገር፣ በዝግታ የሚገፋ ሠራተኛ 235 ሜትር ያህል ሲቆርጥ፣ ስለቱ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለውን 40 ኪሎ ሜትር በሞረድ ላይ እየተፋተገ እንደ ተጓዘ ይቆጠራል። በተገቢው ፍጥነት የሚሠራው ባልደረባው ግን ይህን መንገድ ለመጨረስ 850 ሜትር ያህል መቁረጥ ይኖርበታል። ቢላው አንድ ዓይነት፣ ሉሁም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል።

የስለቱ ጫፍ ራሱ ፍጹም ሹል አለመሆኑም መታወቅ አለበት። አዲስ ስለት ጫፉ ጥቂት ማይክሮሜትር ያህል ክብነት አለው፤ ሲያረጅ ወደ 50 ማይክሮሜትር ሊደርስ ይችላል። የፍርፋሪው ውፍረት ወደዚህ መጠን ሲቀርብ ስለቱ ሊቆርጥ አይችልም፤ ይገፋል፣ ይጨፈልቃል፣ ያሞቃል። 0.056 ሚሊ ሜትር ማለት 56 ማይክሮሜትር መሆኑን ልብ ይሏል።

ታዲያ በእጅ ራውተር በደቂቃ 7 ሜትር መግፋት ይቻላልን? በአብዛኛው አይቻልም፤ መሞከሩም አደገኛ ነው። ይሁን እንጂ ማሽኑ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካለው ዙሩን መቀነስ ይቻላል። በ12,000 ዙር በደቂቃ 3 ሜትር ቢገፋ ውፍረቱ 0.125 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የስለቱ ጉዞም በሜትር ወደ 75 ይወርዳል። ሌላው አማራጭ በሁለት ስለት ፈንታ ባለ አንድ ስለት ቢላ መጠቀም ነው፤ በዚህ ጊዜ ፍጥነቱ ሳይለወጥ የፍርፋሪው ውፍረት እጥፍ ይሆናል።

የቢላው ቅርጽና ጽናቱ

የላሚኔት ጠርዝ መሸረፉ ሁልጊዜ የመዶልዶም ምልክት አይደለም፤ ቅርጹ ካልተስማማም ይሸረፋል። ጠመዝማዛ ስለት ወደ ላይ የሚስብ ከሆነ ፍርፋሪውን በሚገባ ያወጣል፤ የላይኛውን ልባስ ግን ያነሣዋል። ወደ ታች የሚጫን ከሆነ የላይኛው ጠርዝ ያምራል፤ የታችኛው ግን ይገነጠላል። በሁለቱም ገጽ ልባስ ላለው ሉህና ለኮምፔንሳቶ የሚመከረው የሁለቱ ጥምር ነው። የቢላው የታችኛው ክፍል ወደ ላይ፣ የላይኛው ክፍል ወደ ታች በመጫን ሁለቱን ገጾች ወደ ሉሁ መሐል ይጨምቋቸዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የቁረጣ ጥልቀት ወደ ላይ ከሚስበው ክፍል ርዝመት መብለጥ አለበት፤ አለዚያ ገዝተነው የማንጠቀምበት ቢላ ይሆናል።

ጽናትን በተመለከተ፣ የአንድ ክብ ዘንግ የመተጣጠፍ መጠን በርዝመቱ ሦስተኛ ርቢ እየጨመረ፣ በዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ እየቀነሰ ይሄዳል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ዘንግ ከባለ 6 ሚሊ ሜትሩ 16 እጥፍ አይታጠፌ ነው። ከማሽኑ አፍ የወጣውን ርዝመት ከ40 ወደ 30 ሚሊ ሜትር ብናሳጥረው ደግሞ መታጠፉ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የሚወዛወዝ ስለት እንጨቱን በምት ስለሚመታው ይሸረፋል። ቢላውን ጨብጦ የሚይዘው ኮሌት በአቧራ ከተሞላ ወይም ካረጀም ቢላው መሐሉን ይስታል፤ ከሁለቱ ስለቶች አንዱ ብቻ ሥራውን ሁሉ ይሸከማል።

አልማዝ ያዋጣልን?

አሜሪካዊው ትሬሲ ሆል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 በቤተ ሙከራ አልማዝ ከሠራ በኋላ፣ ሰው ሠራሽ አልማዝ የኢንዱስትሪ ዕቃ ሆነ። ጥቃቅን የአልማዝ ቅንጣቶች በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ተጣብቀው በቢላ ጠርዝ ላይ ሲቀመጡ፣ በቺፕውድና በላሚኔት ላይ የካርባይድን ዕድሜ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣሉ። ዋጋቸውም እንዲሁ ይበልጣል።

የሚያዋጣ መሆኑን ለመወሰን የቢላውን ዋጋና የማስሞረጃ ወጪውን ደምሮ፣ በዕድሜው ሙሉ በሚቆርጠው ሜትር ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል ባለ አልማዙ በዋጋ አሥር እጥፍ፣ በዕድሜ አርባ እጥፍ ይበልጣል ብንል፣ የአንድ ሜትር ወጪው ሩብ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ስሌት አንድ ግምት በውስጡ ይዟል፤ ቢላው ሳይሰበር ዕድሜውን ይጨርሳል የሚል ግምት። አልማዝ ጠጣር ቢሆንም ተሰባሪ ነው። በእጅ በሚገፋ፣ በሚንቀጠቀጥ ማሽን፣ ምስማር ሊኖርበት በሚችል እንጨት ላይ አርባ እጥፉ በአንድ ቅጽበት ዜሮ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም አልማዝ የሚገባው በኮምፒውተር ለሚመራና ሉሁን በሚገባ ለሚጨብጥ ማሽን ነው። ለእጅ ራውተር ግን ደቃቅ ቅንጣት ያለው ጥሩ ካርባይድ የተሻለ ምርጫ ሆኖ እናገኘዋለን።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት

«ካርባይድ» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ካርባይድ አይደለም። እኛም ራሳችን ለቤተ ሙከራ የገዛነው አንድ ቢላ ሙሉ ካርባይድ የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም ብረት ሆኖ አግኝተነዋል። ያወቅነውም ማንኛውም የ9ኛ ክፍል ተማሪ በሚያውቀው በአርኪሜደስ ሕግ ነው።

የካርባይድ እፍግታ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 14.5 ግራም አካባቢ ሲሆን፣ የብረት 8 ግራም ያህል ነው። ቢላውን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ በወርቅ ሠሪ ሚዛን ቢመዝኑት፣ ከዚያም እንደ ተንጠለጠለ ውኃ ውስጥ አጥልቀው ደግመው ቢመዝኑት፣ የካርባይዱ ሚዛን 7 በመቶ ያህል፣ የብረቱ ግን ከ12 እስከ 13 በመቶ ይቀንሳል። አየር ላይ 100 ግራም የነበረው ካርባይድ በውኃ ውስጥ 93፣ ብረቱ ግን 87 ግራም ይሆናል ማለት ነው። ይህ ፈተና የሚሠራው ሙሉ በሙሉ ከካርባይድ ለተሠራ ቢላ እንጂ በብረት ዘንግ ላይ የካርባይድ ጥርስ ለተበየደለት አይደለም። በማግኔት መሞከር ግን አይበቃም፤ በካርባይድ ውስጥ ያለው ኮባልት በጥቂቱ በማግኔት ይሳባልና።

የከፍታችን ነገር

የማሽን መመሪያ ሲጻፍ የደብረ ብርሃንን ከፍታ ታሳቢ አያደርግም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት 72 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ የአየሩም እፍግታ በባሕር ወለል ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተሮች አቅም በአብዛኛው የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። የሞተሩ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ እዚህ አነስተኛ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀትም አነስተኛ ነው። አየራችን ቀዝቃዛ መሆኑ ጥቂት ቢያግዝም ጉድለቱን ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም። ስለዚህ በቆላ ከተማ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ራውተር በእኛ ዘንድ በየመሐሉ ዕረፍት ይፈልጋል። ዱልዱም ቢላ ደግሞ ተጨማሪ ጉልበት ስለሚጠይቅ የሞተሩን መቃጠል ያፋጥናል። የቢላውን ዋጋ ለመቆጠብ ሲባል ሞተሩን መክፈል አይገባም።

ለሠራተኛው የሚጠቅሙ ምክሮች

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉትን እንመክራለን።

1. ስለቱ ላሚኔቱን የሚነካበትን ከፍታ ለውጡ። ቁስሉ የሚወጣው በአንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ጠርዙ መሸረፍ ሲጀምር ቢላውን ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ አዲስ ስለት ወደ ሥራ ያስገባል። የስለቱ ርዝመት ከሉሁ ውፍረት በበቂ የሚበልጥ ከሆነ፣ አንዱን ቢላ እንደ ሁለትና ሦስት ቢላ መጠቀም ይቻላል።

2. የሚወጣውን ተመልከቱ። ዱቄት ከሆነ ዙሩን ቀንሱ ወይም ጉዞውን አፋጥኑ። ወደ መጨረሻው ልክ ከመድረሳችሁ በፊት ትርፉን በመጋዝ አስወግዱ፤ ለራውተሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይቅርለት።

3. በአንድ ቦታ አትቁሙ። ማሽኑ እየዞረ ጉዞው ከቆመ ስለቱ ያለ ሥራ ይግላል፤ ጠርዙም ይከስላል።

4. ቢላውን አጽዱ። የተጋገረ ሙጫ ሰበቃን ይጨምራል። ለብ ባለ የሳሙና ውኃና በብሩሽ አጽድቶ ወዲያው ማድረቅ ይበቃል። በእሳት ማቃጠል ፈጽሞ አይገባም፤ የጥርሱን ብየዳ ያላላልና።

5. በተራ የመሞረጃ ድንጋይ አትሙረዱ። በአልማዝ ሞረድ የስለቱን ጠፍጣፋ ፊት ብቻ፣ ለእያንዳንዱ ስለት በእኩል ቁጥር አሹት። የውጭው ገጽ ከተነካ የቢላው ልክ ይለወጣል።

6. ስለቱን በብርሃን መርምሩ። ከፋኖስ ወይም ከአምፖል ፊት ያዙት። ሹል ጠርዝ ብርሃን የሚመልስበት ስፋት ስለሌለው አይታይም፤ የዶለዶመው ግን እንደ ቀጭን ነጭ መስመር ያበራል። ይህን የምታደርጉት ቢላው ከማሽኑ ከወጣ በኋላ ይሁን።

7. ለትንፋሻችሁ ተጠንቀቁ። የእንጨት ብናኝም ሆነ ከሙጫው የሚወጣው ፎርማልዲሃይድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የተመደቡ ናቸው። ዱልዱም ስለት ብናኙን ያደቀዋል፤ ሙጫውንም ያቃጥለዋል። አፍንጫንና አፍን በተገቢው ማስክ፣ ዓይንን በመነጽር መሸፈን የግድ ነው።

8. መዝግቡ። በእያንዳንዱ ቢላ ላይ ቁጥር ሰጥታችሁ፣ በየቀኑ የቆረጠውን ሜትርና የሉሁን ዓይነት በደብተር ጻፉ። ርካሽ የተባለው ቢላ በሜትር ሲሰላ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሚፈርደው የገዥው ጆሮ ሳይሆን ደብተሩ ነው።

ማጠቃለያ

በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀላት ደብረ ብርሃን እየሰፋች ስትሄድ የሚሠሩት ቤቶችና ቢሮዎች ሁሉ በርና ካቢኔት ይፈልጋሉ። ይህን ሥራ የአካባቢው ወጣቶች እንዲይዙት የሚፈለግ ከሆነ፣ አንድ ካቢኔት ሲበላሽ ትርፋቸው አብሮ የሚጠፋበት ሁኔታ መቀየር ይኖርበታል። ለዚህም ሁሉም ነገር ውድ መሣሪያ በመግዛት የሚፈታ አይደለም። ከላይ የቆጠርነው የሦስት እጥፍ ልዩነት የተገኘው ከአዲስ ብረት ሳይሆን ከእጅ አገፋፍ ነው።

የአንኮበር ባለእጅ የብረቱን ቀለም አይቶ መጠነ ሙቀቱን ያውቅ ነበር፤ ማንም ቴርሞ ሜትር አልሰጠውም። የዛሬው የካቢኔት ሠራተኛም ፍርፋሪውን አይቶ፣ ድምፁን ሰምቶ የስለቱን ሁኔታ ሊያውቅ ይችላል። የእኛ የመምህራን ድርሻ ይህን እውቀት በቁጥር ማገዝና ሚዛናችንን፣ አጉሊ መነጽራችንን ለሚፈልገው ባለሙያ ክፍት ማድረግ ነው።

ለዚያ ወጣት የሰጠነውም መልስ ይኸው ነበር፤ የምትቆርጠው እንጨትም ድንጋይም ነው፤ እንጨቱን በፍጥነት እለፈው፣ ድንጋዩን ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ጥርስ አትንከሰው። በሚቀጥለው ጉብኝታችን የያዘውን ደብተር አሳይቶናል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ቢላ ቁጥር 1» የሚል ርዕስ ተጽፎ ከሥሩ ሜትሮቹ ተደርድረዋል።